የስልካችሁን መቶኛ ሰከንድ ቶሎ አትመኑ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሁድ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከጓደኛዋ ጋር ሆነው ከደረጃ ላይ ኳስ ለቀዋል። መሬት እስኪነካ ያለውን ጊዜም በየስልካቸው ለክተዋል። የእሷ 0.78 ሰከንድ አለ፣ የጓደኛዋ 0.94። «አጎቴ፣ የሁለታችንም ስልክ እስከ መቶኛ ሰከንድ ያሳያል። ታዲያ ትክክሉ የማናችን ነው?» አለችኝ።

ስልኮቻችሁ ምንም አልሆኑም አልኳት። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ሲጀመርም አለ፣ ሲቆምም አለ። አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይዘገያል። ስልኩ መቶኛውን ቢያሳይም ጣታችሁ እዚያ ድረስ አይደርስም። ካላመናችሁ ጓደኛችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ወደ ታች አንጠልጥሎ ይያዝ። እናንተ ከታች፣ ዜሮው ጋ፣ ሳትነኩት ሁለት ጣታችሁን ከፍታችሁ ጠብቁ። ሳይነግራችሁ ይልቀቀው። 20 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ከቀለባችሁት 0.2 ሰከንድ ፈጅቶባችኋል ማለት ነው።

ልጅቷ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ሌላ ልጅ ትዝ ብሎኝ ሲከነክነኝ አመሸ። እሱም የጠየቀኝ ስለ ጊዜ ነበር። መልሱን ሳይሰማ ቀረ።

ሥራዬ ወንዝ መለካት ነበር። በዚህ ሥራ ነው ጡረታ የወጣሁት። በ1970ዎቹ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ጨሞጋ ወንዝን ልለካ ከደብረ ማርቆስ ወረድ ብዬ ሄድኩ። ወሩ ጥቅምት ነው። ውሃው ጠርቷል፣ ግን ጉልበቱ ገና አልለቀቀውም። ሹፌሩ እኔን ወንዙ ዳር አውርዶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሊመለስ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በወንዙ ዳር 20 ሜትር ይለካል። መነሻና መድረሻው ላይ እንጨት ይተከላል። ከዚያ ከመነሻው ትንሽ ከፍ ብሎ ብርቱካን ውሃው ላይ ይጣላል። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነው። ነፋስ እንደ ልቡ አይገፋውም። መነሻውን ሲያልፍ ስቶፕዎች የሚባለውን የጊዜ መለኪያ ሰዓት ትጫናላችሁ፣ መድረሻውን ሲያልፍ ታቆሙታላችሁ።

አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ቢበዛ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ብርቱካኗ መድረሻውን ስታልፍ ማንም ሳያዘው ዘሎ ገባና ያዛት። ከዚያ በኋላ ሥራውን ተካፈልነው። እኔ እለካለሁ፣ እሱ ብርቱካኗን እየቀለበ ይመልሳል።

ድንጋዩ ያዳልጥ ነበርና ወደቅሁ። ስቶፕዎቹ ውሃ ገባውና ቀጥ አለ። ያኔ በእጅ የሚሞላ ነበር። የእጅ ሰዓቴ ደግሞ የሰከንድ ዘንግ የለውም። መኪናው እስኪመጣ ገና ሰዓታት ይቀራሉ።

ያኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት አንድ ነገር መጣልኝ። 1 ሜትር ክር ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ ሲወዛወዝ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለመሄድ 1 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቢከብድም ቢቀልም ለውጥ የለውም። ሲባጎ ነበረኝ። ከግራር ቅርንጫፍ ላይ አሰርኩና ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መሀል ድረስ 1 ሜትር ለካሁ። ልጁን ቁጠር አልኩት። ውሃ ውስጥ ገብቶ ብርቱካን መቅለቡ የእኔ ተራ ሆነ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እያለ ይጮኻል። የወንዙን ድምፅ አሸንፎ ይሰማኛል። ብርቱካኗ 20 ሜትሩን በ25 ቆጠራ ጨረሰች። ደገምነው። አንዳንዴ 24፣ አንዳንዴ 26፣ ብዙውን ጊዜ ግን 25 ነው።

20 ሜትር ለ25 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። የወንዝ ውሃ ከላይ ይፈጥናል፣ ከታች ግን አሸዋውና ድንጋዩ ይይዘዋል። ስለዚህ በ0.85 ይባዛል። 0.68 ሆነ። ወርዱ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ ግማሽ ሜትር ነው። ሁሉም ሲባዛ በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል፣ ማለትም በየሰከንዱ 2,000 ሊትር። ይህን ለልጁ ስነግረው ወንዙን ዞር ብሎ አየው።

እሱ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ድንጋዩ ላይ አፍጥጧል። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሲለቁት እስከዚህ ይሄድ ነበር» ብሎ ክንዱን ዘረጋ። «አሁን መንገዱ አጥሯል። ብርቱካኗ ግን ያኔም 25፣ አሁንም 25 ናት። መንገዱ ካጠረ ለምን ቶሎ አይደርስም?»

ያደረገውን ልብ በሉልኝ። እኔ ብርቱካኗን በድንጋዩ ስለካ፣ እሱ ድንጋዩን በብርቱካኗ እየለካ ነበር። ማንም አላስተማረውም። ጋሊልዮ ጣልያን አገር ቁጭ ብሎ ያጠናው ነገር ይኸው ነው። ጋሊልዮም ስቶፕዎች አልነበረውም። ኳስ በዘቅዛቃ እንጨት ላይ ሲያንከባልል ጊዜውን የያዘው በውሃ ነው። ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቧንቧ ውሃ ያፈስና የፈሰሰውን በሚዛን ይመዝናል። ይህን የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1638 ታትሟል።

መልሱን ልጀምርለት ስል የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ሹፌሩ ሳይመሽ መውጣት አለብን ብሎ አጣደፈኝ። ብርቱካኖቹን ለልጁ ሰጠሁትና «ስመለስ አስረዳሃለሁ» አልኩት። በዓመቱ ሌላ ተፋሰስ ላይ ተመደብኩ። በዚያን ጊዜ ለገጠር ልጅ ከ6ኛ ክፍል በላይ መማር ቀላል አልነበረም። ያ ጥያቄ ከዚያ ልጅ ጋር የት እንደደረሰ አላውቅም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው የዛሬ ተማሪዎች አንዳንድ ነገራችሁ የሚያናድደኝ። ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ብላችሁ ሸምድዳችሁ ፈተና ታልፋላችሁ። ግን ርቀቱን በሜትር፣ ጊዜውን በቆጠራ ይዛችሁ አታውቁም። ስክሪን ላይ የወጣ ቁጥር ሁሉ እውነት ይመስላችኋል። ደግሞ እውነቱን እናውራ ከተባለ እኛም ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጠን ነው ያለፍነው። የእህቴ ልጅ ቢያንስ ኳስ ለቃ ለክታለች። የሁለቱ ቁጥር አለመግጠሙም ከንክኗት ነው የመጣችው።

ሩጫ የምትወዱ ደግሞ ይህን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ጨረሰ። ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው፣ ጣት ከሚዘገይበት ጊዜ እንኳ ያንሳል። በእጅ ስቶፕዎች ቢያዝ ኖሮ ማን እንደቀደመ በሰዓቱ መለየት አይቻልም ነበር። ካሜራው ነው የለየው።

ስለዚህ ረጅም ነገር ለኩና አካፍሉ። 0.2 ሰከንድ ከ1 ሰከንድ ላይ 20 በመቶ ነው። ከ25 ሰከንድ ላይ ግን 1 በመቶም አይሞላ። ባለቤቴ ነርስ ነበረች። 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ሲታዘዝ፣ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን አትወድም። አንዷን ጠብታ ከሳትክ 4 ሳትክ ማለት ነው ትላለች። ልክ ናት።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ላይም ብዙ ልጅ ይሳሳታል። አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ 5 ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ገባ እንበል። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጁ ከትልቁ ትንሹን ይቀንስና 7 ሰዓት ይላል። ፍጥነቱ 43 ሆኖ ቁጭ ይላል። የፈጀው ግን 5 ሰዓት ነው፣ 12ን እንደ ዜሮ ቁጠሩት። ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይህም ቢሆን አማካይ ነው። ከጎሃ ጽዮን አባይን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 60 የሚነዳ ሹፌር ካጋጠማችሁ ውረዱ። እዚያ 1 ሰዓት ተኩል ከፈጀ ፍጥነቱ 27 ገደማ ነው።

ለጨሞጋው ልጅ ልነግረው የነበረው እንዲህ ነው። ድንጋዩን ራቅ አድርገህ ስትለቀው ከፍ ካለ ቦታ ይነሳል፣ ስለዚህ ይፈጥናል። መንገዱ ሲያጥር ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል። ረጅሙን በፍጥነት፣ አጭሩን በዝግታ ይሄዳል፣ ጊዜው እኩል ይወጣል። ይህ የሚሠራው ግን ውዝዋዜው ጠባብ ሲሆን ነው። በሰፊው ከተለቀቀ ጊዜው ይረዝማል። እናንተ ሞክሩት። ክሩን 1 ሜትር አድርጉና ትንሽ ብቻ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ሄዶ መመለሱን 5 ጊዜ ቁጠሩ። 10 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ቀጥሎ ክሩ እንደተወጠረ፣ ቀጥ ብሎ ከሚንጠለጠልበት 60 ዲግሪ ወደ ጎን ወስዳችሁ ልቀቁት። 10.7 አካባቢ መምጣት አለበት። ይህ ልዩነት ከጣታችሁ መዘግየት ስለሚበልጥ በስልካችሁ ይታያል። ውዝዋዜው ቶሎ ስለሚጠብ ግን ከ5 በላይ አትቁጠሩ።