ሪትራክሽን ካለ ዩኒየን አይበቃም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ነዎት? ሀዋሳ የሒሳብ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኢንቨርስ ሊሚት ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ስፔሶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እያደጉ የሚሄዱ ከሆነና ማፖቹም ሁሉ ሪትራክሽን ከሆኑ፣ ሁሉንም በዩኒየን፣ ማለትም አንድ ላይ በማዋሃድ፣ ጠቅልሎ መገላገል አይቻልም? ጓደኞቼ «ያው ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ያው አይደለም። ግን ጓደኞችህ ጨርሶ አልሳቱም፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ሌሎች አንባቢዎች እንዳይቀሩብን። ስፔስ የነጥቦች ስብስብ ነው፣ ማፕ ደግሞ የአንዱን ስፔስ ነጥቦች ወደ ሌላው የሚወስድ ደንብ። ኮንቲኑየም ማለት ኮምፓክት (ማለቂያ ከሌለው የነጥቦቹ ሰልፍ ሁሉ ከፊሉ እዚያው ወዳለ ነጥብ የሚጠጋበት) እና ኮኔክትድ (ያልተቆራረጠ) የሆነ ሜትሪክ ስፔስ (ርቀት የሚለካበት) ነው። ሪትራክሽን ደግሞ አንድን ስፔስ በውስጡ ወዳለ ክፍል የሚሰበስብ ኮንቲኒየስ (ሳይቀድ የሚወስድ) ማፕ ነው፤ ክፍሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች ግን ንቅንቅ አያደርጋቸውም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ካሮል ቦርሱክ ነው። ለኢንቨርስ ሊሚት የተሰለፉ ስፔሶች አሉህ፣ ከእያንዳንዱም ወደ ቀዳሚው የሚመልስ ማፕ አለ። የሊሚቱ አንድ ነጥብ ከየስፔሱ አንድ አንድ ነጥብ የተለቀመበት ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ በማፑ ሲመለስ የግድ ቀዳሚው ላይ ማረፍ አለበት።

አሁን ቀላሉን እንያዝ። የመጀመሪያው ስፔስ ከ0 እስከ 1/2፣ ሁለተኛው ከ0 እስከ 3/4፣ ሦስተኛው ከ0 እስከ 7/8፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ማፑ ትርፉን ጫፉ ላይ ይደፋዋል፤ ለምሳሌ በሦስተኛው ውስጥ ከ3/4 በላይ ያለው ሁሉ 3/4 ላይ ያርፋል፣ የቀረው ባለበት ይቆያል። ዩኒየኑ 1 አፋፍ ላይ ደርሶ 1ን ራሱን አያገኝም፤ ስለዚህ ኮምፓክት አይደለም፣ ኮንቲኑየምም አይደለም። ሊሚቱስ? የ0.6 ዝርዝር 1/2፣ 0.6፣ 0.6፣ 0.6 እያለ ይቀጥላል፣ ማለትም አንዴ ይረጋል። አሁን 1/2፣ 3/4፣ 7/8፣ 15/16 እያለ የሚሄደውን ዝርዝር እየው። ሕጉን ያከብራል፤ 7/8 ሲመለስ 3/4 ነው፣ 3/4 ሲመለስ 1/2 ነው። ግን የትም አይረጋም፣ ከየትኛውም ስፔስ የመጣ አይደለም። የጎደለው 1 እሱ ነው።

«እሺ፣ የጎደሉ ነጥቦችን ጨምረን እንገላገል» ትል ይሆናል። እዚያው ሀዋሳ ካለው ከሱሙዳ አደባባይ የሚወጡ መንገዶችን አስብ፣ ሁሉም እኩል 1 ኪሎ ሜትር ናቸው እንበል። የመጀመሪያው ስፔስ አንድ መንገድ አለው፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው ሦስት፤ ማፑ አዲሱን መንገድ ሙሉ በሙሉ አደባባዩ ላይ ይጨፈልቀዋል። እዚህ አንድም አዲስ ነጥብ አይገኝም፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ አንዴ ከአደባባዩ ከወጣ እዚያው በወጣበት ነጥብ ይቀራል። ታዲያ ያው ሆነ? የለም! የ100ኛውን መንገድ ጫፍ ውሰድ። የዝርዝሩ የመጀመሪያ 99 ቦታዎች ሁሉ አደባባዩ ናቸው፣ 100ኛው ላይ ነው ድንገት ጫፉ ብቅ የሚለው። ሊሚት ውስጥ ርቀት ሲለካ ደግሞ የየቦታው ክብደት 1/2፣ 1/4፣ 1/8 እያለ ስለሚወርድ፣ ያ ጫፍ ከአደባባዩ አፍንጫ ስር ነው። በመንገድ ርቀት ስትለካው ግን ጫፎቹ እርስ በርስ 2 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፣ ኮምፓክትነት የለም። ነጥቦቹ እነዚያው ሆነው ቶፖሎጂው (የትኛው ነጥብ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ) ሌላ ነው።

ጓደኞችህ ያልሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ማፖቹ ሪትራክሽን ሲሆኑ እያንዳንዱ ስፔስ ሊሚቱ ውስጥ ከነመልኩ ይገኛል፣ ሊሚቱም በሪትራክሽን ይሰበሰብበታል፣ ዩኒየናቸውም ሊሚቱ ውስጥ ዴንስ ነው፣ ማለትም የሊሚቱን ነጥብ ሁሉ የፈለግከውን ያህል ይጠጋዋል። ሪትራክሽን ካልሆኑ ግን ጉድ ይመጣል። ሁሉም ስፔስ ከ0 እስከ 1 ይሁን፣ ማፑ ከ0 እስከ 1/2 ያለውን ለጥጦ 1 ድረስ ያውጣ፣ የቀረውን ደግሞ አጥፎ ወደ 0 ይመልስ። የሚወጣው የክናስተር ኮንቲኑየም ነው፤ ከራሱ ባነሱ ሁለት ኮንቲኑየሞች ልከፍለው ብትል እንቢ ይልሃል። እንዲህ ያለ ፍጥረት መኖሩን መጀመሪያ ያሳየው ሆላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራወር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1910። የተደረደረው ተራ የመስመር ቁራጭ ብቻ ነበር እኮ፤ ጣጣውም ጣዕሙም ያለው ማፖቹ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዲስክን (ክብን ከነውስጡ) ወደ ጠርዙ በሪትራክሽን መሰብሰብ አይቻልም የሚባለው ለምንድን ነው? አስተማሪ ነኝ፣ ከአዳማ።

መልስ፦ ይቻላል እንበል፣ እህቴ። ዲስኩን ጠርዙ ላይ ሰብስበሽ ጠርዙን 180 ዲግሪ አዙሪው። ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠርዝ ላይ ወጥቷል፣ ጠርዝ ላይ የነበረው ደግሞ ተቃራኒው ጎን ደርሷል። በቦታው የቀረ ነጥብ የለም! የብራወር ቴዎረም ግን ዲስክን ወደ ራሱ የሚወስድ ኮንቲኒየስ ማፕ ሁሉ ቢያንስ አንድ ነጥብ በቦታው ይተዋል ይላል። መሃሉን አንድ ነጥብ ከበሳሽው ግን ነገሩ ይቀየራል፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከመሃል ቀጥታ ወደ ውጭ እየገፋሽ ያለ ችግር ጠርዙ ላይ ታደርሺዋለሽ።