ሁለት ኮድ፣ ሁለት መልስ፦ የ4294967297 ጉዳይ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢ 4294967297 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆን አለመሆኑን ሊያጣራ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ኮድ ጻፈ። ኮዱ ከቁጥሩ 1 ይቀንስና 2ን ያን ያህል ጊዜ ያባዛል፤ ውጤቱን ለቁጥሩ ሲያካፍል ቀሪው 1 ከሆነ «ብቸኛ ነው» ይላል። አለም። ያንኑ ኮድ ለፍጥነት ብሎ ሲ (C) ወደተባለው ቋንቋ ሲገለብጠው፣ ምልክት በሌለው 64 ቢት (ከ0 ጀምሮ አሉታዊ ያልሆኑ ቁጥሮችን ብቻ በሚይዝ የ64 ቢት ቦታ)፣ «አይደለም» አለው። የቱን ልመን?

ወዳጄ፣ ትክክለኛው መልስ የሲው ነው። ስህተት ያለበት ኮድም የሲው ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ቁጥርህ 2^32 ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ ስሌቱ በሙሉ 2ን በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱንም መልሶ በራሱ ማባዛት ነው፤ 32 ዙር። 4፣ 16፣ 256፣ 65536፣ 4294967296። እዚህ ጋ ቁም። አምስተኛው ዙር ላይ የመጣው ከቁጥርህ በ1 ብቻ ያንሳል። ስድስተኛው 2^64 ነው። ፓይተን የቁጥር ርዝመት ስለማይገድበው አካፍሎ ቀሪ 1 ያገኛል፤ 1 በ1 ሲባዛ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያው 1 ነው። የሲው 64 ቢት ግን ከ2^64 በ1 የሚያንሰውን ይይዛል እንጂ ራሱን አይችለውም። ሞልቶ ፈሰሰና 0 ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ 0 ነው። «አይደለም» ያለህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩን መርምሮ አይደለም።

የፓይተኑ ኮድ ንጹህ ነው። ደካማው ፈተናው ነው። 2^(2^n) ሲደመር 1 የሆነ ቁጥር ሁሉ፣ ብቸኛም ሆነ አልሆነ፣ በ2 ሲፈተን ያልፋል። የሒሳብ ሊቁ ፈርማ ራሱ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ይመስሉት ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው በ1732 እ.ኤ.አ. ያንተን ቁጥር 641 ሲባዛ በ6700417 አድርጎ የከፈለው።

ይህን በወረቀት ሞክረው፤ እኔ በጣም የምወደው ስሌት ነው። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ከ128 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት። ተራ በተራ፦ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 257 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ቀሪ 2 ይተዋል። 641 እኩል ያካፍለዋል። ሁለት ማካፈል፣ አለቀ።

ለኮድህ ግን 2ን በ3 መተካት አይበቃም። እርግጥ 3 ይህን ቁጥር ይይዘዋል፤ ቀሪው 1 ሳይሆን 3029026160 ነው። ነገር ግን እንደ 561 ያሉ ቁጥሮች አሉ፤ ብቸኛ ሳይሆኑ፣ ከእነሱ ጋር የጋራ አካፋይ በሌለው መነሻ (እንደ 2 ባለ በራሱ የሚባዛ ቁጥር) ሁሉ ያልፋሉ። ስለዚህ ሚለር-ራቢን ወደተባለው፣ ከዚህ ጠንከር ወዳለው የብቸኛ ቁጥር ፈተና ተሻገር። መጀመሪያ ከ2 እስከ 37 ባሉት 12 ብቸኛ ቁጥሮች አካፍል፤ ካልተካፈለ እነዚያኑ መነሻ አድርገህ ፈትን። ከ2^64 በታች ላለ ቁጥር ይህ ግምት ሳይሆን እርግጠኛ መልስ ይሰጥሃል። በሲው ላይ ደግሞ ከማባዛትህ በፊት ቁጥሩን ወደ 128 ቢት ቀይር። ካባዛህ በኋላ ብትቀይር ዋጋ የለውም፤ የፈሰሰው ፈሷል።

ስትጨርስ 4294967311ን አስገባበት። እሱ ብቸኛ ነው። «አይደለም» ካለህ አሁንም የሆነ ቦታ ላይ እየፈሰሰብህ ነው።