ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ክዳኑን ክፈት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተርሳይክል ስድስት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነበር። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሳለ ከቡና ማሳ ቡና ማሳ የዞረበት ነው። ቤንዚኑን ቀይሬ፣ አዲስ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) አስሬ ስረግጠው ተነሳልኝ። ግን አሥር ደቂቃ ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ያሳየሁት መካኒክ «ፒስተኑ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? ቀለሙንስ ላስቀባው?
ከጅሬን፣ ጅማ

መልስ፦ ቆይ፣ እንዳታወርደው። ኤጂ 100 ለእርሻ መንገድ የተሠራ ነው። ሰንሰለቱ እንኳ ሙሉ ሽፋን ውስጥ ነው። በቀላሉ አይሞትም። ፒስተን ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱ መጨረሻ ላይ የሚጠረጠር ነው።

ይኸው በሽታ እኔንም አንድ ወር አሰቃይቶኛል። ሄርማታ ያለችው ጋራዤ፣ እውነቱን ለመናገር የድሮ ማድቤት ናት። እዚያ ሞተሩን አወረድኩ። የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ገዛሁ። ጓርኒሲዮን (የሞተር መጋጠሚያ ማሸጊያ) ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ገጥሜ ወጣሁ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ቀጥ! ጥፋተኛው የሳልባትዮው (የቤንዚን መያዣው) ክዳን ኖሯል። ክዳኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻ አለች። ጭቃ ደፍኗታል። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር ካልገባ ሳልባትዮው ይታፈናል፣ ቤንዚኑም አልወርድም ይላል። ቆሞ ሲያርፍ ትንሽ ትንሽ አየር ይስባል፤ ለዚህ ነው መልሶ የሚነሳው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ክዳኑ» እያለች ትጠራኛለች።

ስለዚህ ቀጥ ሲልብህ መርገጫውን አትንካ። ክዳኑን ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ በሽታው ተገኘ። መተንፈሻዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጋት።

ድምፅ ከሌለስ? ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍታ። ገመዱ ላይ እንደሰካኸው፣ ከቀዳዳው ራቅ አድርገህ ብረቱን ከሞተሩ አስነካና ርገጥ። ብልጭታ ከጠፋ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ጠርጥር። ያረጀ ኮይል ሲግል ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል።

ብልጭታ ካለ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራቶር ሂድ። የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይደርቃል። እዚህ ያሉትን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ግን በሽቦ እንዳትነካቸው፤ ይሰፋሉ። በአየር አስነፋቸው።

ሳልባትዮው ውስጥ ዝገት ካለ (በጅማ ዝናብ ካልዛገ ነው የሚገርመኝ) ቤንዚኑን ጨርሰህ ድፋ። አቼቶና አንድ እፍኝ የብሎን ዳዶ ጨምረህ ነቅንቀው። አሳድረው፣ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ወዲያው ትንሽ ዘይት ውስጡ አዙርበት፤ አለዚያ በማግስቱ ይዝጋል። አደራ፣ ቤንዚን ስትነካካ ቡና ከሚፈላበት ራቅ በል። እኛ ቤት ከሰል የማይያያዝበት ሰዓት የለምና እኔ ካርቡራቶር የማጥበው ጓሮ ነው።

አሁን ዋናው። ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ ያቃጥላል ማለት ነው። ዘይቱን ከራሱ መያዣ እየሳበ የሚሰጠው ፓምፕ አለው። ስድስት ዓመት የቆመ ፓምፕ ደግሞ አይታመንም። አየር ከገባበት ዘይት አይሰጥም፣ ያኔ ፒስተኑ እውነትም ይነክሳል (ተጣብቆ ይቀራል)። ፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላላ፤ አረፋ የሌለው ዘይት ሲመጣ መልሰህ እሰር። ለመጀመሪያው ሙሌት ግን ለጥንቃቄ በሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሁለት ምት ዘይት ሳልባትዮው ውስጥም ጨምር። ማርሚታው ይጨሳል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል። ቻለው።

መርገጫው ከከበደህ፣ ወይ ብረት ከብረት ሲፋቅ ከሰማህ ግን መካኒኩ ልክ ነው። አውርደው።

ቀለሙን? አጋሮ ደርሰህ ስትመለስ እናወራለን።