የዲኤክስ የኋላ ክንድ ማሰሪያ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ?

ወንድሜ፣ ለአፈር ሜዳ ውድድር የምታዘጋጃት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ኋላዋ እየወጣ አስቸግሮህ፣ የኋላ ክንዶቹን (የኋላ ጎማዎቹን የያዘውን ዲፈረንሻል ከቦዲው ጋር የሚያያይዙትን ዘንጎች) የፊት ማሰሪያ ከፍ ላድርገው ወይ ብለሃል። ኧረ ተው!

የታችኛው ክንድ ወደ ፊት ሽቅብ ሲል፣ ነዳጅ ስትረግጥ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል፤ እሱ እውነት ነው። ችግሩ መታጠፊያ ላይ ነው። ቦዲው ወደ ውጭ ሲጋደል የውጭው ክንድ እየተጋደመ የዚያን በኩል ጎማ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ዲፈረንሻሉ ጠመም ይላል፣ አንተ ሳትፈልግ ኋላዋ ይሸሻል። ስለዚህ የታችኛውን ክንድ የፊት ማሰሪያ በሁለቱም በኩል ዝቅ አድርገው። ትርፍ ቀዳዳ ከሌለው አዘዞ ወርደህ ደህና በያጅ ፈልግና፣ ወፍራም ላሜራ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ እያራራቀ ሦስት ቀዳዳ በስቶ ይበይድልህ። ስስ ላሜራ ካመጣልህ እንዳትቀበል፣ እንደ ወረቀት ነው የሚቀደደው።

ከሁሉ በፊት ግን ጎሚኒዎቹን (ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉትን የላስቲክ ማቀፊያዎች) በብረት ነቅነቅ አድርገህ እያቸው። የእኛ የጎንደር ጠጠር መንገድ የበላው ጎሚኒ ካለ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ቡሎኑንም መኪናዋ በጎማዋ ቆማ አጥብቀው፣ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበጠሳል።