መልስ፦ ከክፍሌ ብቸኛዋ ሴት ፕሮግራመር እኔ ነኝ፤ የሴቶች ስብስብ እንዴት ልጀምር?

እህቴ፣ በሥራ ክፍልዎ ብቸኛዋ ሴት ፕሮግራመር መሆንዎን ገልጸው፣ ያለ በጀት የሴቶች ስብስብ መመሥረት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ በትልቅ ጉባኤ ሳይሆን በአንዲት ቅዳሜ ሥልጠና እንዲጀምሩ እመክርዎታለሁ። ሴቶችን ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረው ጃንጎ ገርልስ የተባለው እንቅስቃሴ በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት ፖላንዳውያን ሴቶች በርሊን ላይ ባዘጋጁት ነጻ ሥልጠና የተጀመረ ሲሆን፣ መመሪያው ለሁሉም ክፍት በመሆኑ በየከተማው በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁታል። ከአሠራሩ ሁሉ ልቤን የነካው ለሦስት ተማሪዎች ያህል አንድ አሠልጣኝ መመደቡ ነው። የመጀመሪያው የስህተት መልእክት ስክሪኑን ሲሞላው «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብላ ላፕቶፗን ልትዘጋ የነበረች ልጅ፣ አጠገቧ ያለችው ሴት «እስኪ የመጨረሻውን መስመር አብረን እናንብበው» ስላለቻት ብቻ እስከ ማታ ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰዓቱን ግን አደራ ከጠዋት ያድርጉት፤ አመሻሽ ላይ ከሆነ ልጆች ያሏቸውና ቤታቸው ሩቅ የሆነ እህቶች ይቀራሉ። ከሥልጠናው በኋላ በወር አንድ ጊዜ እየተገናኛችሁ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተለማመዱ፤ ስለ ደመወዝም በግልጽ ተነጋገሩ፤ ምን ያህል መጠየቅ እንደሚገባት የሚነግራት አጥታ በዝቅተኛ ክፍያ የምትፈርም ብዙ ናትና።