መቆንጠጫውን ከማንሳታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣ የጆሮ ሕክምና ለምትማሩ ሁሉ፦

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለገጣፎ ዳር ባለች ጠባብ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን ጆሮ አያለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ኩክ ማውጣትና የሚመግል ጆሮ ማከም ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ አሥር የሚመግል ጆሮ ያየ ዓይን አሥራ አንደኛውንም ያው ነው ይላል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት መጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ ሲጨምሩ ኖረዋል፤ ጆሯቸው ግን አንድም ቀን መግሎ አያውቅም። «ዶክተር፣ ውስጡ ቡና የሚወቅጥ ሰው አለ» አሉኝ። ድምፁን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እንዲመቱልኝ ጠየቅኳቸውና የሌላውን እጃቸውን የደም ምት ያዝኩ። ጣታቸውና ምቱ እኩል ሄዱ። ከታምቡሩ በስተጀርባ የበሰለ ቀጋ የመሰለ ቀይ ነገር ይታያል።

ግሎመስ የሚሉት ዕጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሴቶች ላይ ይበረታል። መሃል ጆሮ ውስጥ መኖሩን ሮዘንዋሰር የተባለ ሐኪም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ዕጢው የደም ሥር ጉንጉን ስለሆነ ናሙና ልውሰድ ብሎ የሚቆነጥጠው ይጸጸታል። እኔ በወጣትነቴ ፖሊፕ፣ ማለትም ተራ ትርፍ ሥጋ፣ መስሎኝ ቆንጥጬዋለሁ። ፋሻ ስጠቀጥቅ እኩለ ሌሊት ሆነ። ታካሚው ተረፈ፤ የእኔ እጅ ግን ለወራት ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞ ቀዩ ነገር ዕጢ ላይሆን፣ መንገዱን የሳተ የአንገት ደም ቅዳ ሊሆን ይችላል። እሱን መቆንጠጥ ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ሲቲ ስካን ይቅደም። የመሃል ጆሮው ወለል አጥንት ካልተበላ ዕጢው እዚያው የበቀለ ነው፤ ትንሽ ከሆነ በጆሮ ቀዳዳ በኩል ይወጣል። አጥንቱ ከተበላ ግን ከታች፣ ከትልቁ ደም መልስ አጠገብ የመጣ ነው። ያኔ ኤምአርአይ፣ ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ብሎ መጋቢ ደም ቅዳዎቹን መድፈን፣ አለዚያም ጨረር ይታሰባል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ደግሞ በክትትል ብቻ ማቆየትም ይቻላል። የደም ግፊት፣ ድንገተኛ ላብና የልብ ትርታ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ጥቂቶቹ ዕጢዎች አድሬናሊን መሰል ንጥረ ነገር ስለሚያመነጩ በማደንዘዣ ላይ ጉድ ያፈላሉ።

ከዚህ የሚለየው፣ መግል ከደምና ከማያስተኛ ሕመም ጋር ሲመጣ፣ ፊትም ሲጣመም ነው። ካንሰርን ጠርጥሩ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ ናሙና አለመውሰድ ነው።

የእኚያ እናት አጥንት ደህና ነበር። ዕጢው ከወጣ ከወር በኋላ እንጀራ ይዘውልኝ መጡ። እንዴት ነዎት ብላቸው «ደህና ነኝ፤ ሌሊቱ ግን ጭር አለብኝ» አሉ።