ባለ አራት አልጋው ባቡር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ጻፈችልኝ። እሷም ባለቤቷም ከሥራቸው የስምንት ወር ፈቃድ አግኝተዋል። ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ውጭ አገር ሊዞሩ ነው። ችግሩ ትልቋ ልጅ ዘንድሮ የማጠናቀቂያ ፈተና አለባት። «ጋሼ፣ እርስዎም ልጆች ይዘው ሄደው ነበር አሉ። ትልቋን አያቷ ጋ ትተን በሁለቱ ብንሄድ ምን ይመስልዎታል?» ትላለች።

ሁለት ቀን መልስ አልሰጠኋትም። ጥያቄው የነካካው ነገር አለ። ለእሷ ብቻ ከምመልስ ሌሎቻችሁም ብታነቡት ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እንዲህ ያለው ረጅም የሥራ ፈቃድ «ሳባቲካል» ይባላል፤ ስሙ ከሰንበት የመጣ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን መሬት ስድስት ዓመት ከታረሰ በኋላ በሰባተኛው ይረፍ ይላል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1880 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለመምህራኑ ፈቀደ፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ተዛመተ። እኔም የውኃ ምህንድስና አስተምር ስለነበር ተራዬ ደረሰኝ። ዛሬ ዛሬ ላፕቶፕ ይዞ ባሕር ዳርቻ ላይ ስብሰባ እየገቡ «ሳባቲካል ላይ ነኝ» ማለት መጥቷል። ቅር አይበላችሁና ያ ሥራ ነው። የተቀየረው ወንበሩ ብቻ ነው።

እኛም ሦስት ልጆች ነበሩን። 16፣ 11 እና 7 ዓመት። ትልቁ የፈተና ዓመቱ ነበር። አክስቱ ጋ ተወው ተባለና ተውነው። «ተባለ» ስል ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን ማታ ጉዳዩን አንስታው ነበር። «አንድ ዓመት ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ሊቀር ነው እንዴ?» አልኳት። ወሬው እዚያው ላይ አለቀ። ልጁ በሰዓቱ የት እንደነበረ እንኳ አላስታውስም። ምናልባት ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ቬትናም፣ ሃኖይ ስንደርስ አራተኛ ወራችን ነበር። ከዚያ ወደ ዳ ናንግ በሌሊት ባቡር ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። መስመሩ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማ 1,726 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኛ ከግማሹ በታች ነበር የምንሄደው። የመኝታ ክፍሉ አራት አልጋ አለው፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች። ትንንሾቹ ከላይ ማን ይተኛል ብለው ከጠዋት ጀምሮ ይጣላሉ።

ከመውጣታችን በፊት ለትልቁ በስካይፕ ደወልን። ምስሉ እየቆመ አስቸገረን፤ አጠፋነውና በድምፅ ብቻ አወራን። ስለ ፊዚክስ ፈተናው ጠየቅኩት። «ደህና ነው» አለ። ምን በላህ፣ አክስትህ እንዴት ናት፣ በርታ፣ ቻው። ከዚያ ሻንጣ መዝጋት ጀመርኩ። ቲኬቶቹን በእጄ ይዤ ለባለቤቴ እንዲህ አልኳት፦ «እንኳንም አራት ሆንን። አምስት ብንሆን አንዱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነበር የሚያድረው።» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ላፕቶፑ አልጋው ላይ እንደተከፈተ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ባቡሩ ሃይ ቫን የሚባለውን ተራራ ከባሕሩ በላይ እየተጠማዘዘ ያልፋል። በዓይኔ ካየኋቸው የባቡር መንገዶች ሁሉ ያማረው ያ ነው። የትንሹ ልጅ ጥርስ እዚያ ወለቀ። እንዳይጠፋ ብዬ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ጠፋ። እስከ ዳ ናንግ አለቀሰ። ዛሬም ትልቅ ሰው ሆኖ «ጥርሴን የት አደረስከው?» ይለኛል። ቤት ውስጥ ጨዋታ ሲደራ ይህ ታሪክ ሳይነሳ አይቀርም። እህቱ ትጨምርበታለች፣ እናቱ ታርማለች። ትልቁ ልጄ ደግሞ ሁልጊዜ ስልክ መደወል ያለበት በዚያን ሰዓት ነው። ይነሳና ይወጣል። ጠባዩ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከ14 ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣሁ። ቢሮዬን ባዶ ለማድረግ እሱ ሊያግዘኝ መጣ። ካርቶን ውስጥ መጽሐፍ ሲደረድር ከአንዱ ውስጥ ቲኬት ወደቀ፤ ለካ ገጽ ማመልከቻ አድርጌው ኖሯል። አነሳና አየው።

«አባዬ፣ ባለ አራት አልጋው ባቡር ይሄ ነው?»

«ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ።» ከዚያ ያልኩትን ቃል በቃል ደገመልኝ። ፈገግ እያለ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቲኬቱን ኪሱ ከተተና ካርቶኑን ተሸክሞ ወረደ።

እንግዲህ ትልቋን ትተሽ አትሂጂ ልልሽ ነው። ፈተና ይደገማል፤ ጉዞው አይደገምም። ግን ሐቁን ልናገር፣ ልጄ ያን ፈተና እጅግ በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ዛሬ የሚወደውን ሥራ ያገኘውም በዚያ ነው። ለ16 ዓመት ልጅም ከሰባት ዓመት ወንድሙ ጋር ስምንት ወር በአንድ ክፍል ማደር እስር ቤት ነው። አንዳንድ ሌሊት ልክ ነበርን እላለሁ። ሲነጋ አልልም።

ስለ ገንዘብና ስለ ኢንሹራንስ አልጽፍም፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰው የሚዘነጋውን ልንገራችሁ። ሸንገን፣ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ 29 አገር ነው፤ ቪዛውም የሚቆጠረው ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም፤ ከፖርቱጋል ግሪክ መሻገር ቆጠራውን አያድሰውም። ብዙ አገሮች ለልጅ የሚሰጡት ፓስፖርት የአምስት ዓመት ብቻ ነው። አስገቢው አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር የቀረው ይፈልጋል። የእኛ ትንሹ መንገድ ላይ አልቆበት ኤምባሲ ለኤምባሲ ዞረናል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሥራ የሚጀምረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በእኛ ጊዜ ለ10 ዓመት ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ሆኗል። ከትምህርት ሒሳብን ብቻ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያዙላቸው፤ ሌላውን ሲመለሱ ይደርሱበታል።

አገር አታብዙ። እኛ በስምንት ወር ዘጠኝ አገር አየን፤ ሴቷ ልጄ ስድስቱን ዛሬ ታምታታቸዋለች። የዘንድሮ ወላጆች ደግሞ ያለቀሰ ልጅ አባብለው ለፎቶ ሲያቆሙ አያለሁ። ተዉአቸው ያልቅሱ። በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ፤ እኛ የወሰንነውን ወስነን እንነግራቸው ነበር፣ እናንተ ቢያንስ ሰው ትጠይቃላችሁ።

ትናንት ደብዳቤሽን ለትልቁ ልጄ አነበብኩለት። ምን ልበላት አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ልጅቷ ራሷ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛ አነበብኩት። የለበትም።